የግራው ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ?

ስለ ሪጅናል አየር መንገዶችና ስለ ፓይለቶች ፍልሰት የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። ርዕሱን አይታችሁ "ይሄማ የደመወዝ ጉዳይ ነው፤ ይጨመርላቸውና ይቆያሉ" ያላችሁ እንደማትጠፉ እገምታለሁ። ደመወዙ ተጨምሯል። ያውም በእጥፍ። ሰው ግን መልቀቁን አላቆመም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ይህ ለምን እንደሆነ ነው። የማወራው ስለ አሜሪካ ነው፤ አሠራሩ ከሌላው አገር ሁሉ ይልቅ እዚያ ገንኗል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስቀድም። ከቺካጎ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ትኬት ቆረጣችሁ እንበል። ትኬቱ ዩናይትድ ይላል። የአውሮፕላኑ ጭራ ዩናይትድ ይላል። የሚሰጧችሁ ሶፍት እንኳ ዩናይትድ ይላል። በሩ አጠገብ በደቃቅ ፊደል ግን ሌላ ስም አለ፤ ስካይዌስት ወይም ሪፐብሊክ ሊሆን ይችላል። ፓይለቶቹም አስተናጋጆቹም የዚያኛው ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ሪጅናል የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

በውሉ መሠረት ትልቁ አየር መንገድ የበረራ ፕሮግራሙን ያወጣል፣ ትኬቱን ይሸጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጁንም ይችላል። ሪጅናሉ አውሮፕላኑን ከነሠራተኛው አቅርቦ ይበርራል፤ ለበረረውም የተስማማበትን ይቀበላል። ወንበሩ ሞላ አልሞላ የእሱ ራስ ምታት አይደለም። ሲያዩት ጥሩ ሥራ ነው። ችግሩ ውሉ ሲያልቅ ይመጣል። ያኔ ከሌሎች ሪጅናሎች ጋር በዋጋ መወዳደር አለበት። ነዳጁ የእሱ ወጪ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ለሁሉም በተቀራራቢ ዋጋ ነው የሚገኘው። ለመቀነስ እጁ ላይ የምትቀረው ደመወዝ ናት። ለረጅም ዘመን ሲቀንስ የኖረውም እሷኑ ነው።

ይህ ጥግ ላይ ያለ ትንሽ ንግድ እንዳይመስላችሁ። ከኮቪድ በፊት ከአሜሪካ የመንገደኛ በረራዎች 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው በሪጅናሎች የሚበር ነበር። መደበኛ በረራ ካላቸው አየር ማረፊያዎች ውስጥ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከሪጅናል ሌላ የሚመጣላቸው አልነበረም።

ታዲያ ፓይለቶቹ ያንን ደመወዝ ለምን ተቀበሉ? ሊሄዱ ስለሆነ ነዋ! ለሥልጠና 100,000 ዶላር አካባቢ ያወጣ ልጅ፣ ያውም አብዛኛውን ተበድሮ፣ በዓመት 20,000 ዶላር አካባቢ እየተከፈለው የሚሠራው ነገ ዴልታ ወይም ዩናይትድ ይወስደኛል ብሎ ነው። ድርጅቱም ይህን ያውቃል። ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ ስለ ፍልሰት ስናወራ ይህን ያዙልኝ፦ ሪጅናል አየር መንገድ ሰው እንዲለቀው ሆኖ የተሠራ ድርጅት ነው። መልቀቁ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ፍጥነቱ ነው።

ፍጥነቱ የተቀየረበትን መንገድ ለማየት ወደ 2009 መመለስ አለብን። በፌብሩዋሪ 12 ምሽት ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ ዳሽ 8 አውሮፕላን ሊያርፍ ሲቃረብ ክላረንስ ሴንተር የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ላይ ወደቀ። ተሳፍረው የነበሩት 49 ሰዎች በሙሉ፣ ቤቱ ውስጥም አንድ ሰው ሞቱ። ትኬቱ ኮንቲኔንታል ይል ነበር። የሚያበረው ግን ኮልጋን ኤር የሚባል ሪጅናል ነው። ፍጥነቱ ወርዶ መሪው በመንቀጥቀጥ ሲያስጠነቅቅ ካፒቴኑ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ በማድረግ ፋንታ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። አውሮፕላኑ ክንፉ መሸከም አቃተውና ወረደ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራ ከዚያ ስህተት ባሻገር ያወጣው ነገር ነው አገሩን ያስደነገጠው። ረዳት አብራሪዋ የምትኖረው ሲያትል አካባቢ ነው፤ ሥራዋ የሚነሳው ከኒውዋርክ። አገሪቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሌሊት በጭነት አውሮፕላኖች ላይ ተሳፍራ ስትጓዝ ነው ያደረችው። የቀረውን ጊዜ አየር ማረፊያው ውስጥ ባለው የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል አሳለፈች። በዚያ ደመወዝ ኒውዋርክ አካባቢ ቤት ተከራይቶ መኖርን እስቲ አስቡት።

የሟች ቤተሰቦች ዝም አላሉም። የምክር ቤቱን ኮሪደር እየተመላለሱ ወጥረው ያዙት። በ2010 ሕግ ወጣ፤ ከ2013 ጀምሮም የመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን 1,500 የበረራ ሰዓት ግዴታ ሆነ። ከዚያ በፊት 250 ሰዓት ያለው ሰው ሕጉ አይከለክለውም ነበር። ከወታደር ቤት ለመጣ 750፣ በአቪዬሽን የአራት ዓመት ዲግሪ ላለው 1,000 ተፈቀደ። በ2014 ደግሞ አዲስ የዕረፍት ሕግ ተጨመረ፤ ከሥራ በፊት ቢያንስ 10 ሰዓት።

የ1,500 ሰዓቱ ነገር እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። ተቃዋሚዎቹ "የኮልጋኑ ካፒቴን ከ3,000፣ ረዳቱም ከ2,000 ሰዓት በላይ ነበራቸው፤ ሕጉ የነሱን አደጋ አያስቀረውም ነበር" ይላሉ። እውነት ነው። ደጋፊዎቹ ደግሞ "ካፒቴኑ ድርጅቱ ሲቀጥረው የነበረው 600 ገደማ ነው" ይላሉ። ይሄም እውነት ነው። ከቡፋሎ በኋላ 16 ዓመት ገደማ ያን ያህል ሰው ያለቀበት የአሜሪካ መንገደኛ አየር መንገድ አደጋ አልደረሰም። በጃንዋሪ 2025 ዋሽንግተን ላይ የፒኤስኤ ሪጅናል ጄት ከጦር ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ 67 ሰዎች ሞቱ፤ የዚያ ጥያቄ ግን በዋነኛነት ስለ አየር ክልሉ እንጂ ስለ ጀማሪ ፓይለት አልነበረም። እኔ በበኩሌ ሕጉ ይነካ የሚሉት አያሳምኑኝም። ሪፐብሊክ በ2022 የራሱን ትምህርት ቤት ምሩቃን በ750 ሰዓት ላብርር ብሎ ጠየቀ። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በዚያው ዓመት እምቢ አለ። ደግ አደረገ።

ሰዓቱ እንዴት እንደሚሞላ ግን ልንገራችሁ፤ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ልጁ ላይሰንሱን ሲያገኝ እጁ ላይ ያለው 250 ሰዓት አካባቢ ነው። የቀረውን ለመሙላት አብዛኛው አስተማሪ ይሆናል። ትናንት የተማረውን ዛሬ ያስተምራል ማለት ነው። አንዳንዱ የማስታወቂያ ጨርቅ ጭራው ላይ አስሮ የባሕር ዳርቻ ላይ ሲዞር ይውላል። አንዳንዱ የጋዝ ቧንቧ መስመር እያየ ይበርራል። አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ፓይለት ጎደለ ብትሉ ዛሬ ትምህርት የሚጀምረው ልጅ የሚደርስላችሁ ከዓመታት በኋላ ነው። እስከዚያ ገበያው ተገልብጦ ሊጠብቀው ይችላል። ተገልብጦም አይተነዋል።

2020 መጣ። ኮቪድ። አውሮፕላኖች ቆሙ። መንግሥት ለሠራተኛ ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ሰጠ፤ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ግን ወጪ ለመቀነስ አንጋፋ ፓይለቶቻቸውን "ጥቅማጥቅም እንስጣችሁና ቀድማችሁ ጡረታ ውጡ" አሏቸው። ከዴልታ ብቻ ወደ 1,800 የሚጠጉ ወጡ። ትራንስ ስቴትስና ኮምፓስ የሚባሉ ሪጅናሎች በዚያው ዓመት በአፕሪል ተዘጉ። ከዚያ ማንም ባልጠበቀው ፍጥነት ሕዝቡ ተመልሶ መብረር ጀመረ። ትልልቆቹ ዞር ብለው ሲያዩ ሰው የለም። ከየት ያምጡ? ከሪጅናል ነዋ። በ2022 ዋና ዋናዎቹ አየር መንገዶች ተደምረው ከ12,000 በላይ ፓይለት ቀጠሩ። እንዲህ ያለ ዓመት ታይቶ አይታወቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ክፍል ነው። ጋዜጣው "የፓይለት እጥረት" ብሎ ይጽፋል። ሪጅናሎቹ ውስጥ ግን አንዳንዴ ፓይለት ሞልቷል። የጠፋው ካፒቴን ነው።

ኮክፒት ውስጥ ካፒቴኑ ግራ ይቀመጣል፣ ረዳቱ ቀኝ። ሁለቱም ከሌሉ አይበረርም። ሕጉ ደግሞ ካፒቴን ለመሆን፣ ከጥቂት ሌሎች መንገዶች በስተቀር፣ በአየር መንገድ ረዳትነት 1,000 ሰዓት መብረርን ይጠይቃል። እስቲ አሁን እናስላው። አንድ ካፒቴን ለቀቀ። ወንበሩን የሚተካው ረዳት 950 ሰዓት አለው፤ 50 ይቀረዋል። በርሮ እንዳይሞላው አጠገቡ የሚቀመጥ ካፒቴን የለም። ስለዚህ ቤቱ ሆኖ በተጠባባቂነት ስልክ ይጠብቃል። ወር በወር የሚበርረው ጥቂት ነው። ካፒቴን የሌለው ካፒቴን መሆን የሚችል ሰው ስለሌለ ነው፤ ካፒቴን መሆን የሚችል ሰው የሌለው ካፒቴን ስለሌለ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ሰዓቱን የሞላውስ? እሱ ደግሞ ካፒቴን መሆን አይፈልግም ይሆናል። ለምን ቢባል፣ ረዳት ሆኖ ሲኒየር ነው፤ ቀድሞ ስለተቀጠረ ከረዳቶቹ ቀድሞ ይመርጣል። ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ነው። ካፒቴን ሲሆን ከካፒቴኖች ዝርዝር ግርጌ ይገባል፤ በዓል ሲሆን የሚጠራው እሱ ነው፣ ቤዙም፣ ማለትም ሥራ የሚነሳበት ከተማ፣ ይቀየርበታል። ለጥቂት ወር ብዬ ለምን እሰቃያለሁ ይላል። ትልቁ አየር መንገድም ቢሆን በረዳትነቱ ሊወስደው ይችላል።

በዚህ ላይ አሠልጣኝ አለ። አዲስ ገቢ ሲሙሌተሩን፣ የመሬት ላይ መለማመጃውን፣ ጨርሶ መንገደኛ ይዞ ሲጀምር አጠገቡ የሚቀመጠው ማንም ካፒቴን ሳይሆን ለዚሁ የተፈቀደለት አሠልጣኝ ካፒቴን ነው። ዴልታና ዩናይትድ ቀድመው የሚፈልጉት ማንን ይመስላችኋል? እሱኑ። አንድ እንዲህ ያለ ሰው ሲለቅ ከኋላው ቆመው ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ይንቀረፈፋሉ። ድርጅቱ የሚጎድለው ሰው አንድ ቢሆንም የሚቆመው ሥራ ብዙ ነው።

ውጤቱን ያዩት ትናንሽ ከተሞች ናቸው። በማርች 2022 ስካይዌስት በመንግሥት ድጎማ የሚበርርላቸውን 29 ከተሞች ላቁም አለ። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ተተኪ እስኪገኝ አትለቁም ብሎ ያዛቸው። ይህ ድጎማ ከ1978 ጀምሮ ያለ ነው፤ የአየር ትራንስፖርት ገበያው ለውድድር ሲከፈት ትንንሾቹ ከተሞች እንዳይረሱ ተብሎ የመጣ። በዚያው ዓመት አሜሪካን ኤርላይንስ ቶሊዶን፣ ኢታካንና አይስሊፕን ተወ፤ የሰጠው ምክንያት የሪጅናል ፓይለት እጥረት ነው። አሁን ደግሞ ከፊላደልፊያ ወደ አሌንታውን ትኬት ብትቆርጡ ፍተሻውን አልፋችሁ፣ በር ላይ ጠብቃችሁ፣ ቁጥራችሁ ተጠርቶ የምትሳፈሩት አውቶቡስ ላይ ሊሆን ይችላል። ላንድላይን የሚባል ድርጅት ነው የሚያሠራው። ሻንጣችሁ ላይ የበረራ ታግ አለ። ከመሬት ግን አትነሱም። እኔ ሐሳቡን አልጠላውም፤ መንገዱ እንደሆነ አጭር ነው።

ሪጅናሎቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በጁን 2022 የአሜሪካን ኤርላይንስ ንብረት የሆኑት ኤንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒኤስኤ የአዲስ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር አደረጉት። ሌሎቹም ተከተሉ። ከሌላ ድርጅት ካፒቴን ሆኖ ለሚመጣ ከ100,000 ዶላር የሚበልጥ ቦነስ ተሰጠ። አንዳንዶቹ አዲስ ገቢውን "ካፒቴን ሆነህ ይህን ያህል ጊዜ ካላገለገልክ ካሳ ትከፍላለህ" የሚል ውል ማስፈረም ጀመሩ። በ20,000 ዶላር የተሰቃየው ትውልድ ይህን ሲያይ ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ደረስን። ይህ ሁሉ ብር ፈስሶ ለምን አልቆዩም? መልሱ ሲኒየሪቲ ነው። አየር መንገድ ውስጥ የፓይለት ኑሮ በአንድ ቁጥር ይወሰናል፤ በተቀጠረበት ቀን የሚሰጠው ተራ ቁጥር። የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበርር፣ ከየት ከተማ እንደሚነሳ፣ ገናን ቤቱ ይሁን አይሁን፣ መቼ ካፒቴን እንደሚሆን፣ ቅነሳ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ሁሉም በዚያ ቁጥር ነው። ድርጅት ሲቀየር ቁጥሩ አብሮ አይሄድም። የ20 ዓመት ካፒቴን እንኳ አዲስ ቤት ሲገባ ከግርጌ ይጀምራል።

ስለዚህ ሪጅናል ላይ ያለ የ28 ዓመት ልጅ የሚያስበው የዘንድሮን ደመወዝ ብቻ አይደለም። ግዴታው ጡረታ 65 ነው። ትልቁ ቤት ዛሬ ቢገባና ከስድስት ወር በኋላ ቢገባ መሃል ላይ የሚቀድሙት ብዙ መቶ ሰዎች ናቸው። እነዚያ ሰዎች እስከ ጡረታው ድረስ ከፊቱ ናቸው። ያንን የሚክስ ቦነስ የትኛው ሪጅናል ይችላል? በ2023 ደግሞ ዴልታ በአራት ዓመት ውስጥ ከ30 በመቶ በላይ የሚያድግ ጭማሪ ፈረመ፤ ዩናይትድና አሜሪካንም ተከተሉ። ሪጅናሉ አንድ ደረጃ ሲወጣ ትልቁም ወጣ።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው አንዱ የማሸጋገሪያ ውል ነው። ኤንቮይ ገብተህ ተራህ ሲደርስ ያለ ቃለ መጠይቅ ወደ አሜሪካን ኤርላይንስ ትሻገራለህ። ጥሩ ነው፤ ግን ስትሻገር እዚያም ከግርጌ ነው የምትጀምረው። ቅጥሩ በተጧጧፈበት ጊዜ ተራውን ከመጠበቅ ሌላ ቤት ማመልከት ይፈጥን ነበርና ብዙው እሱን መረጠ። እንደኔ እንደኔ ሰውን የሚያቆየው አንድ ነገር ነው፤ ሪጅናሉና ትልቁ ቤት አንድ የሲኒየሪቲ ዝርዝር ቢኖራቸው። ያኔ የትንሹን ጄት ካፒቴን ወንበር ይዞ መቆየት ኪሳራ አይሆንም። ትልልቆቹ ይህን አይወዱትም፤ ሪጅናል የተፈጠረው ለርካሽነቱ ነዋ። ስለዚህ ቶሎ ይሆናል ብዬ አልሟገትም።

የትልልቆቹ የፓይለት ማኅበራትም የራሳቸው ፍላጎት አላቸው። ሥራችን ወደ ርካሹ ቤት እንዳይሄድ ብለው ውላቸው ላይ ገደብ አስቀምጠዋል፤ ሪጅናል የሚያበርረው ጄት ከ76 ወንበርና ከ86,000 ፓውንድ ክብደት አይበልጥም። ይህች አንቀጽ አውሮፕላን ሠሪዎችን ሳይቀር አስቸግራለች። የብራዚሉ ኤምብራየር ኢ175 የሚባለውን ጄቱን አሻሽሎ አዲሱን ኢ175-ኢ2 ሠራው፤ ሞተሩ ነዳጅ ቆጣቢ ግን ከባድ ሆነና ከገደቡ አለፈ። የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ስፔስጄት የሚባል ሪጅናል ጄት ብዙ ዓመት ሲደክምበት ቆይቶ በ2023 ተወው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ገደብ ነው። ሲአርጄ የሚባለው ሌላው የሪጅናሎች ጄት መመረት አቁሟል። ባለ 50 ወንበሩ እያረጀ ነው፣ የሚተካው የለም። ለጊዜው ያለው የድሮው ኢ175 ብቻ ነው።

አዲስ ነገር ይመጣል የሚሉ አሉ። ዩናይትድና ሜሳ የሚባል ሪጅናል በ2021 ኸርት ኤሮስፔስ ከሚባል የስዊድን ድርጅት የኤሌክትሪክ አውሮፕላን በቅድመ ሁኔታ አዘዙ፤ እስካሁን መንገደኛ አልጫነም። በአንድ ፓይለት እንብረር የሚለውን ሐሳብ ደግሞ የአውሮፓ የበረራ ደህንነት ኤጀንሲ አስጠንቶት በ2025 አሁን ባሉት ኮክፒቶች ደህንነቱን ማረጋገጥ አይቻልም አለ። ስካይዌስት ሲአርጄውን ወደ 30 ወንበር አውርዶ፣ ሕጉ ለትንንሽ በረራ በሚፈቅደው መሠረት ሰዓታቸው አነስ ያለ ረዳቶችን ይዤ ትንንሽ ከተሞችን ላገልግል ብሎ አመልክቷል። ብልሃት ነው። የ1,500 ሰዓቱን ሕግ በጓሮ በር ማለፍም ነው።

ከዚያ በ2024 ነገሩ ተገለበጠ። ቦይንግ አውሮፕላን በወቅቱ ማስረከብ አልቻለም፤ ሳውዝዌስትና ዩናይትድ ቅጥር አቆሙ። ጭራሽ በ2023 መጨረሻ ትልቁ የጭነት አየር መንገድ ፌዴክስ ትርፍ የሆኑ ፓይለቶቹን "ፒኤስኤ ካፒቴን ይፈልጋል፤ ብትሞክሩስ" ብሏቸዋል። ለፌዴክስ ፓይለት ይህ ዱብ ዕዳ ነው፤ ሪጅናልን ከኋላው ትቶ የመጣ ነዋ። መውጫው ሲጠብ ሪጅናሎች ውስጥ ሰው ቆየ፣ ሰዓቱን ሞላ፣ ካፒቴን ሆነ። የቆሙ ጄቶች ተነሱ። አንዳንድ ኃላፊዎች ፍልሰቱ ተፈታ ብለው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አልተፈታም። በሩ ለጊዜው ገርበብ አለ እንጂ። የ65 ዓመቱን ጡረታ ወደ 67 ለማውጣት የተሞከረውም በ2024ቱ ሕግ ውስጥ ሳይገባ ቀርቷል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ሺዎች መውጣታቸው ይቀጥላል።

መግባት ለምታስቡ ወጣቶች አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ቃለ መጠይቅ ላይ "ጥያቄ አለህ?" ሲሏችሁ ስለ ቦነሱ አትጠይቁ፤ እሱ ድረ ገጹ ላይ አለ። ባለፈው ዓመት ስንት ካፒቴን ለቀቀ? ስንት አሠልጣኝ ካፒቴን አላችሁ? ተጠባባቂ የሆነ ረዳት በወር በአማካይ ስንት ሰዓት ይበርራል? እነዚህን ጠይቁ። የመጨረሻው መልስ ከ30 ሰዓት በታች ከሆነ 1,000 ለመሙላት ሦስት ዓመት ገደማ መሆኑን እዚያው አስሉ። ሥልጠና ሳትጨርሱ ወይም ቃል የገባችሁትን ጊዜ ሳትሞሉ ብትወጡ የምትከፍሉትንም ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን ወስዳችሁ ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ማይኩ ይመጣላችኋል።